የጋራዡ አምስተኛ ተጋጣሚ

ጁዶ የተማርኩት አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ ነው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። የአውቶብስ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ቁመቴም ወርዴም ከሥራዬ ጋር የተስማማ ስለሆነ ጋራዡ ውስጥ እናቴ ባወጣችልኝ ስም የሚጠራኝ የለም፤ «ተሳቢ» ነው የሚሉኝ። ቂም አልያዝኩባቸውም።

ነገሩን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጠው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ጁዶ ተምረው እስከ ጥቁር ቀበቶ ደርሰዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከመለዋወጫ መጋዘኑ ጀርባ የሞቱ ሞተሮች የሚጣሉበት አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ የጋራዡን ኃላፊ ደጅ ጠንተው፣ ደጅ ጠንተው ክፍሉን አስፈቀዱ። ሞተሮቹን እየገፋን አወጣናቸው። ወለሉን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና አጠብነው። ከአሮጌ መቀመጫዎች የወጣ ስፖንጅ ሰብስበን ደረደርንና ምንጣፍ አልነው። ስፖንጁን በወፍራም ሸራ ለብጣ የሰፋችልን እትዬ ናት።

እትዬ የጋራዡ ወንበር ሰፊ ናት። ተሳፋሪ በቁልፍ የቦጨቀውን፣ በእስክርቢቶ የወጋውን፣ በምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው የተረተረውን መቀመጫ ሁሉ እየፈታች እንደገና ታለብሳለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አንቱ ስንላት ትቆጣለች። «ያለ ጊዜዬ አታስረጁኝ፤ እትዬ ይበቃኛል» ትላለች። ስለዚህ እትዬ እያልን፣ አንቺ እያልን ኖርን።

ያ ምንጣፍ በየሳምንቱ ይቀደድ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እኔ ሰው በጣልኩበት ቦታ። ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ በኋላ ስንለማመድ እትዬ ቆልማማ መርፌዋንና ወስፌዋን ይዛ ትመጣና ጥግ ላይ ተቀምጣ እስክንጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ የተቀደደውን ጠግና ትሄዳለች። አንድ ቀን ጋሼ፣ «ሁልጊዜ ከዳር ሆነሽ ከምታዪ፣ የሰፋሽውን በጀርባሽ ሞክሪው እስቲ» አሏት።

«ምን ቆርጦኝ!» አለች።

በሳምንቱ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ አብራን ስትለማመድ ማንንም ጥላ አታውቅም። ግን ከእሷ ጋር መያያዝ የሚወድ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በድርብ ሌዘር ውስጥ ክር ስትስብ የኖረች እጅ ናት፤ አንዴ ኮሌታህን ከያዘች ፒንሳ ካልመጣ አትለቅም። ሽቦ እንኳ፣ ማለት ኤሌክትሪሺያናችን፣ ከሁላችንም ፈጣን የሆነው እሱ፣ «እትዬ ስትይዘኝ ግድግዳ ላይ የተቸነከርኩ ይመስለኛል» ይል ነበር።

ለወረዳው የክለቦች ውድድር የተመዘገብነው በዚያ ዓመት ነው። አንድ ቡድን አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ ትርፍም ጉድለትም የለም። ከወንዶች እኔ፣ ሽቦና ፍሬን ነበርን። ፍሬን ሾፌር ነው። ስሙ የወጣለት ድመት መንገድ ስትሻገር ካየ ሰው የሞላውን አውቶብስ ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም ነው። ከሴቶች አንዷ ቲኬት ቆራጯ ናት። በጠባብ መተላለፊያ ከተሳፋሪ ጋር ስትገፋፋ የኖረች ስለሆነች መጣል ለእሷ ከሥራዋ ብዙም አይለይም። ሁለተኛዋ የስምሪት ክፍሏ ልጅ ነበረች።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የስምሪቷ ልጅ ልምምድ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ቲኬት ቆራጯ።

«አልገባም» አለች፤ ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሐኪሙ እስክወልድ መውደቅ ከልክሎኛል።»

ከዚያ ቲኬት ቆራጯ ዘላ አቀፈቻት፤ ጋሼ ግንባሯን ሳሟት፤ እኛም በየተራ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትጠብቅ እንደቆየች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደስታው በረድ ሲል ነው ፍሬን በጣቱ መቁጠር የጀመረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመና ዓይኑን ወደ ጥጉ ላከ። የሁላችንም ዓይን ተከተለው። እትዬ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር።

«ወደ እኔ አትዩ» አለች ቀና ሳትል።

«ማን አየ?» አለ ሽቦ።

«ሁላችሁም። ክሩ እንኳ እምቢ አለኝ ከዓይናችሁ ብዛት።»

ጋሼ አላስገደዷትም። «አስቢበት» ብቻ አሏት። በማግሥቱ «እሺ» ብላ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ታላቅ እህቷ መጡ።

የእትዬ ታላቅ እህት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለቱም ብቸኛ ናቸውና አብረው ይኖራሉ። ጋራዡ በር ላይ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲላቸው «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ካለ» ብለው ነው የገቡት። ጎማ ላይ ተቀምጠን አገኙን። አንደኛ ክፍል ውስጥ የሚረብሹ ልጆችን እንዳየ አስተማሪ በዓይናቸው ደረደሩን።

«አርባ ሦስት ዓመቷ ነው!» አሉ። «የሰው ያለህ! የሚወድቅላችሁ ሰው አጥታችሁ ነው እህቴን የምትጥሏት?»

«እሷ ትወስን ብለናል እመቤቴ» አሉ ጋሼ በትሕትና።

«እሷማ ከልጅነቷ ጀምሮ እምቢ ማለት አታውቅም! ያንን አይታችሁ ነው።»

እትዬ ከሥራ ክፍሏ ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች። «እውነትሽን ነው እታለም» አለች። «እምቢ ማለት አላውቅም። አንቺንም እምቢ ብዬሽ አላውቅ። ዛሬ ልሞክረው መሰለኝ።» ትንሽ አሰበችና፣ «እምቢ» አለች።

እህትየዋ ዣንጥላቸውን አንስተው፣ «አልመጣም፣ እዚያ ውድድር አልመጣም!» እያሉ ሄዱ።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ማልደን በራሳችን አውቶብስ ተሳፈርን። የዕለቱ ሾፌር በመስታወት እያየን፣ «ዛሬ የሚሸነፍ ሰው በእግሩ ነው የሚመለሰው» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ይህን መናገር አለብኝ፤ በልምምድ ክፍላችን እኔን የሚጥለኝ የለም። ሰው ሲያየኝ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እግሬ የእኔ መሆኑን ይረሳል።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ነው። እውነተኛ ምንጣፍ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ዳሩ ቀይ፣ መሀሉ አረንጓዴ፣ ልስልስ ያለ፣ አንድም መጣፊያ የሌለው። በእግር ጣታችን እየነካን ቆምን። እትዬ ተንበርክካ ስፌቱን መረመረች።

«በማሽን ነው» አለች። «ክሩ ግን ቀጭን ነው። ዓመት አይቆይም።»

ክብደት ስንመዘን ፍሬን ስድስት መቶ ግራም በዛ። አርባ ደቂቃ ሰጡት። የእኔን ጃኬት በራሱ ጃኬት ላይ ደርቦ አዳራሹን እየዞረ ሲሮጥ፣ ሽቦ ደግሞ ከኋላው «ድመት! ድመት! እንዳትቆም!» እያለ ያባርረዋል። በመጨረሻው ደቂቃ ላቡን ጠርጎ፣ ካልሲውንም አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። አለፈ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ልብስ የሚፈትሸው ሰውዬ ክንዴን ዘርግቶ፣ «እጅጌው አጥሯል፤ በዚህ አትጋጠምም» አለኝ። እትዬ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ከትርፍ ሱሪ አራት ጣት ያህል ነጭ ጨርቅ ቆረጠችና፣ እኔ ክንዴን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቼ ቆሜ ሳለሁ ቀጠለችልኝ። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ስፌቱን በጥፍሩ ጎትቶ ጎትቶ አየና፣ «ይሄስ ከልብሱ ይጠነክራል» ብሎ ሄደ።

የመጀመሪያ ግጥሚያችን ከአንድ ዳቦ ፋብሪካ ቡድን ጋር ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፤ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር በየተራ ይገጥማል፤ ብዙ ያሸነፈ ቡድን ያልፋል። አንድ ግጥሚያ አራት ደቂቃ ነው። ሰውን በጀርባው ከጣልክ ግን ያኔውኑ ያልቃል። ሽቦ ጣለ። ቲኬት ቆራጯ ጣለች። ፍሬን በነጥብ አሸነፈ። ሦስት ለባዶ ስንሆን ማለፋችን ታወቀ፤ የቀረነው እኔና እትዬ ለወጉ ነበር የምንገጥመው።

ለወጉ እንኳ አልሆነልኝም። ምንጣፉ ላይ ስወጣ መቀመጫው ሁሉ ዓይን ሆነብኝ። ዳኛው «ጀምሩ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ የማስታውሰው የአዳራሹን ጣሪያ ነው። ሃምሳ ሰከንድ። እትዬ ደግሞ ከእኔ ባሰች፤ እጇን ሳትዘረጋ ቆማ ሳለች አንዲት ቀልጣፋ ልጅ አንጠልጥላ ዘረረቻት። ዐሥራ አንድ ሰከንድ።

ያን ጊዜ ነው ከላይኛው ረድፍ ዣንጥላ የያዙ ሴት ሲነሡ ያየሁት። አልመጣም ያሉት እህቷ መጥተው ኖሯል። ሰው እየገፉ ወረዱ።

«ጀርባሽን አሳዪኝ» አሉ።

«ደህና ነኝ እታለም።»

«በይ ልብስሽን ልበሺ፤ እንሂድ። አየሽው አይደል? በቃ።»

«ገና አልጨረስንም። ቡድኑ አልፏል እኮ።»

እህቷ እኛን ሁሉ ገላመጡን። «እሺ» አሉ፤ «ግን ዳግመኛ ስትወድቂ መጥቼ ነው የምወስድሽ፤ ዳኛም አያቆመኝ!» ተመልሰው ወጥተው ተቀመጡ።

ሌሎቹ ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ እኔና እትዬ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ አግዳሚ ላይ ቀረን። «ስንት ቆየሁ?» አለችኝ።

«ዐሥራ አንድ ሰከንድ።»

«አንተስ?»

«ሃምሳ።»

«እንግዲያው አንተ ጀግና ነህ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አየችኝና፣ «ምን ሆነህ ነው ግን? ጋራዥ ውስጥ እኮ ማንም አይችልህም» አለች።

«ሰው ሲያየኝ እግሬ አይታዘዘኝም፤ ምን እንደሚመጣብኝ እጠብቃለሁ» አልኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። «እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ልይ ብዬ ቆምኩ፤ አደረገችው። መውደቁ አይደለም የቆጨኝ፤ ሳልይዛት መውደቄ ነው።» እጆቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «እነዚህን ይዤ መጥቼ ሳልጠቀምባቸው!»

ሁለተኛው ግጥሚያ ከዩኒቨርሲቲው ቡድን ጋር ሆነ። ካለፍን ለፍጻሜ ነው። እነሱ ልብሳቸው አንድ ዓይነት፣ ጀርባቸው ላይ የተጻፈበት፣ ሲሟሟቁ እንኳ በአንድ ድምፅ የሚቆጥሩ ናቸው። ከእኛ ግማሹ የጥፍሩ ሥር ግራሶ አለበት።

ሽቦ ገብቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ረጅሙን ልጅ ከእግሩ ሥር ጠልፎ ጣለው። አዳራሹ ጮኸ። ቲኬት ቆራጯ ቀጠለች፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ደርሳ፣ በመጨረሻ ተጋጣሚዋን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ መሬት አገናኘቻት። ሁለት ለባዶ! ፍሬን አራቱን ደቂቃ ተላፍቶ አቻ ወጣ። አንድ ድል ብቻ ቀረን፤ ያ ድል ደግሞ የእኔ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው ያሰበው። ጋሼ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ጨርሰው ልጄ፤ ለእትዬ እንዳትተውላት» አሉኝ።

ተውኩላት። ዝርዝሩ ምን ይሠራል? እግሬ በድን ሆነ፤ ተጋጣሚዬ ዞረኝ፤ ወደቅኩ። ስነሣ የጋሼን ፊት ማየት ፈራሁ። ሁለት ለአንድ። አሁን እትዬ ከወደቀች ሁለት ለሁለት እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተጨማሪ ግጥሚያ ይኖራል። በዚያ ደግሞ ከእኔ ሌላ ትኩስ ሰው አልነበረንም። እትዬ ካልወደቀች ግን አልፈናል። ማሸነፍ የለባትም። አቻ ይበቃል።

ተጋጣሚዋ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ትከሻዋ ሰፊ፣ ዓይኗ ረጋ ያለ። ጠዋት የገጠመቻትን ሴት በሃያ ሰከንድ ነበር የጨረሰቻት። ጋሼ ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ስሚኝ። መጣል አይጠበቅብሽም። አራት ደቂቃ አትውደቂ፤ በቃ።»

«አራት ደቂቃ ስንት ስፌት ይሆናል?»

«ምን?»

«ምንም። ገባኝ።»

ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ አጥብቃ አሰረችና ወጣች።

«ጀምሩ!» ሲባል ልጅቷ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እትዬ ይዛለች። ግራ እጇ እጅጌው ላይ፣ ቀኝ እጇ ኮሌታው ላይ። ልጅቷ ሊያስለቅቃት የሚችለውን ሁሉ አደረገች፤ ጎተተች፣ ወዘወዘች፣ በሁለት እጇ አንጓዋን ገፋች። የእትዬ እጅ ግን ከዚያ አልተነቃነቀም። ወደ ግራ ስትሄድ እትዬ አብራ ሄደች፤ ወደ ቀኝ ስትዞር አብራ ዞረች። ልጅቷ ለመጣል ስትገባ እትዬ ወገቧን ዝቅ አድርጋ እንደ ከረጢት ከበደቻት። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሽቦ ክንዴን ይዞ ይጨምቀኛል፤ እኔም አይሰማኝም።

ዳኛው አስቆማቸውና ለእትዬ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ዝም ብሎ መያዝ ክልክል ነው፤ ማጥቃት አለብህ። ሦስት ማስጠንቀቂያ ከደረሰብህ ተሸነፍክ። «እግርሽን ላኪ! እግርሽን!» ይላሉ ጋሼ። እትዬ እግሯን ላከች፤ ልጅቷ ግን ያንን ጠብቃ ኖሮ ገለበጠቻት። ሁላችንም «ወይኔ!» አልን። እትዬ በአየር ላይ ሳለች እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተጣመመችና በሆዷ ወደቀች። በሆድ መውደቅ ነጥብ የለውም። ልጅቷ ከላይ ሆና ልትገለብጣት ታገለች። እትዬ አንገቷን ቀብራ፣ ክርኗን ሰብስባ እንደ ኤሊ ምንጣፉ ላይ ተለጠፈች። ዳኛው «ተነሡ» አለ።

ሁለት ደቂቃ ተኩል። አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ትንፋሿ ከእኛ ዘንድ ይሰማል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። አንድ ቀረ። ቲኬት ቆራጯ ዓይኗን ሸፈነች፤ «ሲያልቅ ንገሩኝ» አለች። እኔ ወደ ላይኛው ረድፍ አየሁ። እህቷ ቆመዋል፤ ዣንጥላውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል።

«አርባ ሰከንድ!» አለ ፍሬን።

ማጥቃት ነበረባት፤ ካላጠቃች ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አጠቃች። ጋሼ ካስተማሯት ውስጥ የምታውቀው አንድ አጣጣል ብቻ ነው፤ እሱንም በልምምድ አሳክታው አታውቅም። ዞራ ገባች፣ ጎተተች፤ ልጅቷ ለአፍታ ከመሬት ተነሣች! አዳራሹ «ኦ!» አለ። አልወደቀችም፤ በአንድ እግሯ ዘላ ተመለሰች። ግን ዳኛው ሊያስጠነቅቅ ያነሣውን እጁን መለሰ፤ ማስጠንቀቂያው ቀረ። ልጅቷ የመጨረሻ ኃይሏን ሰብስባ መጣች። እትዬ ያዘች። ልጅቷ ጎተተች። እትዬ ያዘች። ደወሉ ተደወለ።

አቻ። ሁለት ለአንድ አለፍን።

የጮህኩትን ጩኸት አላስታውስም፤ በማግሥቱ ግን ድምፅ አልነበረኝም። እትዬን ልናነሣት ስንሮጥ፣ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ እጄ!» አለች። ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋል። ሁለት ጥፍሯ ተሰብሯል። ኮሌታው ከእጇ ወጥቶ እንኳ እጇ እንደያዘ ቀርቷል። ተጋጣሚዋ ልጅ እጅ ነሥታ ከጨረሰች በኋላ ወደ እኛ መጣች። አሁንም ታለከልካለች።

«ይቅርታ፣ እትዬ ልበልዎት?» አለች። «እጅዎ ግን ምንድን ነው?»

«መርፌ ነው ልጄ» አለቻት።

«ምን?»

«ሥራዬን ነው። ወንበር እሰፋለሁ።»

ልጅቷ የእትዬን እጅ አገላብጣ አየችና በሁለት እጇ ጨበጠቻት። «መምህራችን ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም» ብላ እየሳቀች ሄደች።

እህትየዋ ከላይ ወርደው መጡ። አልተቆጡም። አግዳሚው ላይ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ወስደው ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሹ ይዘረጉላት ጀመር። ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ፣ «ያቺ ልጅ አንጓሽን ስትገፋሽ ለምን ወደ ታች አልጎተትሻትም? ክርኗ ክፍት ነበር» አሉ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩአቸው። «ልክ ነዎት» አሉ።

«ልክ መሆኔን አውቃለሁ» አሉ እህትየዋ።

ለፍጻሜ የቀረቡት ያለፈው ዓመት አሸናፊዎች ነበሩ። ነገሩን ሳላስረዝመው፣ አቅማችን አልነበሩም። ሽቦ ተሸነፈ፤ ቲኬት ቆራጯ ተሸነፈች፤ ፍሬንም ጎኑን ይዞ ወጣ። ሦስት ለባዶ፤ ዋንጫው ሄዷል። የእኔ ግጥሚያ ምንም አይለውጥም። ጋሼም እንደ ቀድሞው ትከሻዬን አልመቱኝም፤ «ደስ እንዳለህ ተጫወት» ብቻ አሉኝ።

ምንጣፉ ላይ ስወጣ መቀመጫው ያው ዓይን ነበር። እትዬ «ሳልይዛት መውደቄ ነው» ያለችው ትዝ አለኝ። ዳኛው «ጀምሩ» ባለበት ቅጽበት፣ ምን ሊመጣ ነው ብዬ ሳልጠብቅ፣ ሄጄ ያዝኩት። ጨርቅ እጄ ውስጥ ሲገባ እግሬ መሬት እንደረገጠ ተሰማኝ። ሰውዬው ከእኔ አይተናነስም፤ እኔን መግፋት ፈለገ፤ ግፊቱ ሲመጣ ጋራዥ ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ያደረግኩትን አደረግኩ። ዞርኩና ጫንኩት። ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ጎማ ሲፈነዳ እንደሚሰማው ነው። ዳኛው እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ሙሉ ነጥብ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ይየኝ አልኩ።

ከእኔ በኋላ እትዬ ገባችና ሃምሳ ሰከንድ ያህል ይዛ ቆይታ ተጣለች። በጀርባዋ ተንጋልላ ስትስቅ ዳኛው የተጎዳች መስሎት ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። «አይ፣ ምንጣፉ ደስ ይላል» አለችው። አራት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለተኛ ወጣን። ሜዳሊያው ሲሰጥ እህትየዋ ከላይኛው ረድፍ ሲያጨበጭቡ ዣንጥላቸው ወድቆ የፊተኛውን ሰው ራስ መታው።

ማክሰኞ ለልምምድ ስንገናኝ ጋሼ እንደ ሁልጊዜው የክፍሉን የብረት በር ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ክፍት ይሁን» አልኳቸው።

«ሰው ያይሃል እኮ።»

«ለዚያ ነው።»

በሩን ወለል አድርገው ተዉት። መጀመሪያ ሁለት ሜካኒኮች ቆመው አዩን። ከዚያ የዘይት ቤቱ ሰውዬ መጣ፤ እየተጨመሩ ሄዱ። አስተያየቱ አያልቅም፤ «ተሳቢ ተገለበጠ!»፣ «ሽቦ ተበጠሰ!» ይላሉ። እኔ ግን ሄጄ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ጣልኩ፤ አንድ ጊዜ ወደቅኩ።

ልንጨርስ ስንል ከመኪና አጣቢዎቹ ሦስት ሴቶች፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ደፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። አንዷ ወደ እትዬ አገጯን አንሥታ፣ «እኛም መግባት እንችላለን ወይስ ምዝገባ አለው?» አለች።

እትዬ ወደ ጋሼ አየች። ጋሼ ወደ ጣሪያው አዩ።

«ጫማችሁን አውልቁ» አለች እትዬ። «እግራችሁንም አድርቁ፤ ሸራው እንዳይረጥብ።»